ያደረ ውሃ

«ተይ አልኩሽ! ሌላ ባልዲ እንዳትጨምሪ!»

«እትዬ ሰናይት፣ ውሃው ሞቋል። ካልቀየርነው ዓሦቹ ሁሉም ሊያልቁ ነው።»

«አንተ ጌታ! አንዱ በጎኑ የተኛው አንቺ ከጨመርሽ በኋላ አይደለም? ዓይን የለሽም እንዴ?»

ይህ የሆነው ባለፈው የሙቀት ወራት፣ እኔ እንግዳ ተቀባይ በሆንኩበት ጁባ ከተማ፣ አማራት ሰፈር በሚገኝ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። እትዬ ሰናይት የማረፊያው ባለቤት ናት። እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው ግን በዓሦቹ ምክንያት ብቻ አይደለም። ያን ቀን የደረሰችልን፣ ጠዋት ያባረርኳት ሴት ስለሆነች ነው።

አራቱ ወርቃማ ዓሦች የጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ እኛ ጋ ሦስት ዓመት የኖረ የኮንስትራክሽን ሰው ነው። ለልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ የመስታወት ገንዳቸውን ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀምጦ «እስክመለስ ባንቺ አደራ» አለኝ። እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ ጤናው ሳልጠይቀው «አራቱም ደህና ናቸው?» ይለኛል።

ያን ቀን ከምሳ በፊት ጀነሬተሩ ተበላሸ። እኔ ግጥም እየሞነጫጨርኩ ነበር። አየር የምትሰጣቸው ፓምፕ ዝም ማለቷን ያወቅኩት ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ሳይ ነው። ደንግጬ ከጋኑ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ ገለበጥኩባቸው። ትንሹ ወዲያው በጎኑ ዞረ። ሁለተኛውን ባልዲ ሳነሳ ነው እትዬ ሰናይት እጄን የያዘችው።

«ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ሜሪ ነበረች፤ ከበራችን ማዶ ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው። የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ ያውም ከኔ በጠራ አማርኛ። ባልዲው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ስንት ወር ሙሉ በተሰባበረ ዓረብኛና በእጅ ምልክት ሳናግራት የኖርኩ ሰው! ጠዋት እንኳ «በርጩማዎችሽ መኪና አላሳልፍ አሉ፤ አንሺ» ብዬ በእጄ አባርሬያት ስመለስ፣ «ይቺ ሴትዮ ጆሮ የላትም» ብዬ ለጥበቃው በአማርኛ አምቻታለሁ። እዚያው አጠገቧ ቆሜ።

«ጋምቤላ ነው ያደግኩት» አለችኝ ፊቴን አይታ። «ጆሮም አለኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ባልዲውን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው።

«ዛሬ ታንከር ያመጣው ውሃ ነው?»

«አዎ፣ ጠዋት የተሞላ።»

«የውሃ ማከሚያ መድኃኒት አለው። እኔ ሻይ እንኳ አላፈላበትም፤ ይሸታል። መድኃኒቱ እንዲተን ተከፍቶ ማደር አለበት።»

ወጣች። በረዶ እንጨምር አንጨምር ብለን ስንጨቃጨቅ ቢጫ ጀሪካን በጭንቅላቷ ተሸክማ ተመለሰች። ለከሰዓት ሻይዋ ያሳደረችው ውሃ ነበር። ከገንዳው ግማሹን ቀድተን ደፋን፤ የሷን በዝግታ ጨመርን። ከዚያ በጣሳ ከገንዳው ትቀዳና እጇን ከፍ አድርጋ በቀጭኑ መልሳ ታንቆረቁረው ጀመር፤ ለደንበኛ ሻይ እንደምታበርደው።

«አየር ይዞ ይገባል» አለችኝ። «ያዢ፣ አንቺም ሞክሪ።»

እጄ ሲዝል እሷ፣ እሷ ሲደክማት እትዬ ሰናይት ተቀባበልን። እትዬ ሰናይት መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሜሪም ታውቀው ኖሮ አብራ ያዘችላት። ከውጭ አንድ ደንበኛ «ያ ሜሪ! ሻይ!» ብሎ በዓረብኛ ተጣራ።

«ከላስ!» አለችው። አልቋል። እውነቷን ነው፤ ሻይዋ ገንዳው ውስጥ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጀነሬተሩ ተነሳ። ፓምፗ ስትንፎለፎል ሦስቱ ዓሦች ወደ ታች ወርደው መዋኘት ጀመሩ። ትንሹ አልተነሳም። እሱን የገደለው የኔ ባልዲ ነው። እሁድ ለጋሽ ታደሰ የኔንም ጥፋት የሜሪንም ውለታ ሳልደብቅ ነገርኩት። «ስመጣ ሻይ የምጠጣው ከእሷ ነው» አለኝ።

ዛሬም እሱን እየጠበቅን ነው። ማታ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ከፍቼ አሳድራለሁ። ሜሪን ባየኋት ቁጥር ያ ሐሜቴ ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁ፣ ግን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ያን ዕለት ጀነሬተሩ እንደተነሳ ይቅርታ ልላት ፈለግኩ። «ጠዋት ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ማሌሽ» ብላ አቋረጠችኝ፤ ምንም አይደለም ማለቷ ነው። «በርጩማዎቼን ግን አላነሳም።»

«ማን አንሺ አለሽ!» ብላ ቱግ አለች እትዬ ሰናይት፤ ጠዋት ያዘዘችኝ እሷ እንዳልሆነች ሁሉ።

ሜሪ እየሳቀች ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። የብረቱ በራችን ሞላ አለው፤ ማንም ሲወጣ ቤቱን እያናወጠ ነው የሚዘጋው። ለጩኸቱ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን ደፉ ላይ ዞር ብላ ዓሦቹን አየች፤ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ በሩን በሁለት እጇ ያዘችና፣ ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።