ሦስቱ ሰንጢዎች

ቀጭ የምትል ድምፅ፣ የሰንጢ ስለት ተከፍታ ቦታዋ ላይ ስትቆለፍ የምታሰማት ያቺ አጭር ድምፅ፣ ዛሬም ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ስትገባ ከተቀመጥኩበት ታስነሣኛለች። በደርግ ዘመን፣ በግርግሩ የተነሣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በጋ፣ ታላቅ ወንድሜ መስፍን እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ካለ ሱቅ አንዲት ሰንጢ ገዝቶ፣ በረንዳችን ላይ እየተንጎራደደ ቀኑን ሙሉ ሲከፍታትና ሲዘጋት ይውል ነበር። ሆስፒታል ነርስ የነበረችው እናታችን «ተው አንተ ልጅ፣ ነፍሴን አታውጣት!» ትለው ነበር፤ እሱ ግን ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየታሰሩበት መቀመጥ አቅቶት ነበር።

ለፋሲካ የእናታችን ታላቅ ወንድም አያ ተድላ እንደ ልማዳቸው ከማክሰኝት በግ እየነዱ መጡ። መስፍን ሲቁነጠነጥ አይተው ሰንጢዋን ተቀበሉትና፣ የራሳቸውንና የሟቹን አባታችንን ጨምረው ሦስቱን አግዳሚው ላይ ደረደሯቸው። የእሳቸው አገር ቤት የተቀጠቀጠች፣ ስለቷ ቀንድ እጀታ ውስጥ የምትተኛ፣ ስትከፈት የሚይዛት ምንም ነገር የሌላት ነበረች። የአባታችን ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ስትሆን፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሞላ ስለቷን ደግፎ ቢይዛትም ጠንከር አድርገው ሲጫኗት ትታጠፍ ነበር። የመስፍን ግን አንዴ ከተከፈተች ጀርባዋ ላይ ያለችው ብረት ስለቷን ስለምትነክሳት፣ ያቺን ብረት ካልተጫኑ በቀር አትታጠፍም። አያ ተድላ ስለት ታጥፋበት ጫፉ የተቆረጠ ሌባ ጣታቸውን አሳዩንና «ስንት ሰው እንዲህ ከሆነ በኋላ ነው ቁልፍ የታሰበላት። ይቺ የያዛትን እጅ እንዳትቆርጥ ተብላ የተሠራች ናት፤ ሸጋ ናት» አሉ።

ሰኔ ላይ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እኛ ዘንድ እንደ ሰነበቱ፣ ታጣቂዎች ሰፈሩን እየፈተሹ ቤታችን ገቡ። አንዱ የመስፍንን ሰንጢ ከፍራሽ ሥር አውጥቶ፣ ከፈታትና ሊያጥፋት ቢታገል እምቢ ስትለው «ይቺ አትታጠፍም፤ ሰው መውጊያ ናት። የማናት?» አለ። መስፍን አፉን ሳይከፍት አያ ተድላ ተነሡ።

«የኔ ናት ልጄ። በግ ስገፍፍ የቀረውን ጣቴን እንዳልጨርሰው የያዝኳት ናት» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት። መስፍን «አይደለም…» ሲል እናቴ ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው፤ ታጣቂዎቹም ሽማግሌውን ከነሰንጢዋ ይዘዋቸው ሄዱ።

ያ ክረምት አላልቅ አለን። እናቴ በዝናብ ስንቅ ታመላልሳለች፣ መስፍን ሄጄ እጄን ልስጥ እያለ ይነሣል፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ብትሄድ እሱን የሚለቁት መሰለህ? ሁለታችሁንም ነው የማጣው!» ትለው ነበር፤ እኔም እንቅልፌ ሁሉ የሰቀቀን ነበር። መስከረም ሲጠባ አያ ተድላ ተፈቱ፤ ግን የሚከታተላቸው ዓይን ወደ እኛ እንዳይዞር ብለው ቤታችንን ሳይረግጡ አገራቸው ገቡ። መስፍን ይህን በሰማ ማግስት፣ ገና ሲነጋ፣ በእግሩ ወደ ማክሰኝት ወጣ።

ኋላ እንደ ነገረን፣ ሲደርስ ጣታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው በዚያች ቁልፍ በሌላት ሰንጢ በግ ሲገፍፉ አገኛቸው።

«ምነው መጣህ?» አሉት፤ ከስተዋል።

«በኔ ፈንታ ታሰሩ፣ አያ» ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥና ቆዳውን ሳብልኝ፤ ከዚህ በላይ ለዚች ሰንጢ የምሰጣት ጣት የለኝም» አሉት።

እዚያው እያረሰና ከብት እየጠበቀ ከረመ። በእነዚያ ወራት ከሰፈራችን ከተወሰዱት ጓደኞቹ ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ እሱ ግን ተርፎ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

ዛሬ ከጎንደር ማክሰኝት በሚኒባስ የተጀመረ ጨዋታ ሳያልቅ ይደረሳል፤ ስልኩ ደግሞ ከመኪናው ይቀድማል። መቅረቡ ያስደስተኛል። ያኔ ማክሰኝት አንድ ልጅ ተሸሽጎ የሚተርፍባት ያህል ሩቅ ነበረች፤ ዛሬ ልጆቼን ልሸሽግ ብል፣ እንዲያ የራቀ አገር የት እንዳለ አላውቅም።