ገመዱን የያዙት አያ ይማም

ይህ የገጠመኝ በጦርነቱ ጊዜ፣ መርሳ ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ውሃ በከረመችበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ሥራ ገብቼ የወገቤን ቀበቶ ባጠበቅሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሥራዬን ስናገር ሰው ይስቃል። በሰው አገር ጠላቂ ነኝ። ወደ ጠፈር የሚሄዱ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ገብተው ይለማመዳሉ። ልብሳቸው ከባድ ስለሆነ ብቻቸውን መውጣት አይችሉም። እኔ አጠገባቸው ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ፤ ችግር ከመጣ ይዣቸው እወጣለሁ። በሠራሁበት ዓመት ሁሉ አንድም ቀን ችግር መጥቶ አያውቅም።

እናቴን ልጠይቅ መርሳ በገባሁ በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀረሁ። ጎረቤታችን አያ ይማም መቀለጃ አደረጉኝ። «አንተ የጨረቃ ሰዎች ሞግዚት፣ ዛሬስ ስንቱን አጠብህ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ሰው ሁሉ የአያ ይማምን ጉድጓድ ከቧል። በተኩሱ ምክንያት ወንዝ መውረድ ስላልተቻለ ሰፈሩ የሚጠጣው ከዚያ ነበር። ውሃው ርቆ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተሩ ቱቦ አልደርስ ሲል፣ ልጃቸው ሰይድ ሞተሩን ራሱን ወደ ታች አውርዶ ከውሃው በላይ ባለው እርከን ላይ አስነሳው። ጭሱ መውጫ አጣ። ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሰይድ ግን አጠገቡ ወድቋል፣ ሲጠሩት አይመልስም።

ታናሽ ወንድሙ ሊወርድ ሲል ወገቡን ይዤ መሬት ላይ ጣልሁት።

«ልቀቀኝ! ወንድሜ ነው!»

«ብትወርድ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው» አልሁት።

አያ ይማም ከዘራቸውን አነሱብኝ። «ልጄን ልታስገድለው ነው? አላህ ይፍረድብህ!»

ወላሂ ፈርቻለሁ። ግን አልለቀቅሁትም። ቅጠላም ቅርንጫፍ አስቆርጬ፣ በገመድ አሳስሬ ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ዝቅ አስደረግሁ፤ የታፈነው አየር ይረበሽ ብዬ ነው። ከዚያ ሁለት ገመድ አስመጣሁ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሰይድ።

የእኔን ማን ይያዝ? ጎረምሳ ሞልቷል። እኔ ግን ለአያ ይማም ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጎረምሳ ከኋላቸው አቆምሁ። የሰይድን ገመድ ሌሎቹ ያዙ።

«አያ ይማም፣ ልጅዎ የሚወጣው እኔ ስወጣ ነው። ገመዱን ሦስት ጊዜ ስወዘውዘው ይጎትቱኝ። እስከ መቶ ቆጥረው ዝም ካልሁም ይጎትቱኝ» አልኋቸው።

ከዘራቸውን ጣሉት። «ቢስሚላህ በል» አሉኝ።

ትንፋሼን ያዝሁና አወረዱኝ። ከታች ጨለማ ነው፤ ዓይኔ ተቃጠለ። ገመዱን በሰይድ ብብት ስር አዞርሁት። ገንዳው ውስጥ ሺህ ጊዜ የቋጠርሁት ቋጠሮ አመለጠኝ። አትቸኩል አልሁ ለራሴ። ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል። እንደገና ቋጠርሁት፤ ያዘ። አንዴ ወዘወዝሁ፤ ሁለቴ ወዘወዝሁ፤ ሦስተኛውን ሳልደርስበት ሁለታችንም ወደ ላይ ተነሳን።

ሰይድን ነፋስ ላይ አጋድመን ትንፋሽ ሰጠሁት። ብዙ ቆይቶ አቃሰተ፤ ከዚያ አስታወከ። «አልሃምዱሊላህ!» የሚለው ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

«ሦስት ብዬዎት አልነበር?» አልኋቸው አያ ይማምን ኋላ።

«ኧረ ወዲያ! ልጄ ከታች ሆኖ ሦስት የምቆጥርበት ምን አንጀት አለኝ!»

ሰይድ ለሳምንት ራሱን ሲያመው ከርሞ ዳነ። መንገዱ ሲከፈት ልሰናበታቸው ሄድሁ። አያ ይማም ስለ ከዘራው ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። መዳፋቸውን ብቻ ዘርግተው አሳዩኝ። ገመዱ የላጠው ቦታ ጠባሳ ሆኗል።

«ለጨረቃ ሰዎችህ ንገራቸው፤ አንተን የጠበቅሁህ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ሥራዬ ላይ ተመልሼ ነገርኋቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ድሮ ጠባቂው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ከላይ የቆመውን ሰው ዓይን ዓይኑን ሳላይ ውሃ አልገባም።