ባዶ ያልኩት ሰማይ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ፊዚክስ እያስተማርኩ፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ጋላክሲዎች ዘለላ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች አንድ ላይ ተሰባስበው በሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ስንቱ ደማቅ፣ ስንቱ ደብዛዛ እንደሆነ እቆጥራለሁ። ትልቅ ቴሌስኮፕ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሌሎች ፎቶ ያነሱትን ሰማይ፣ መብራት ሲኖር፣ በላፕቶፕ ነበር የምቆጥረው።

ቆጠራው አንድ ጣጣ አለው። ከዘለላው ኋላ እጅግ ርቀው ያሉ ጋላክሲዎች የዘለላው አባል መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ዘለላው የሌለበት ሰማይ ይመረጥና እዚያ የተገኘውን ያህል ከቁጥሩ ላይ ይቀነሳል። እኔም መረጥኩ፤ ቀነስኩ። ደብዛዞቹ ጥቂት ብቻ ቀሩ። መጨናነቁ ትንንሾቹን ፈጅቷቸዋል ብዬ ጽፌ ጨረስኩ፤ ኮራሁም።

የቀረኝ ማስረከብ ብቻ ነበር። ቸኩያለሁም፤ አባቴ ታመዋል። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ጋዋን ለብሼ ሳያዩኝ እንዳይሞቱ ነበር ጭንቀቴ። እሳቸውም «ያንን ቀን ያሳየኝ እንጂ ሌላ አልለምነውም» ይሉ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ልሰናበታቸው ሄድኩ። መደብ ላይ ጋደም ብለው ምን እንደምቆጥር ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ስለ ባዶው ሰማይ ስነግራቸው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«እኔም እንዲህ ቆጥሬ ሰው አስቀይሜያለሁ» አሉ። «አንድ ዓመት የሰንበቴው ድግስ በኔ እጅ ነበር። የሰበካችንን ሰው ቁጥር ላውቅ ብዬ በንግሡ ዕለት የመጣውን ሁሉ ቆጠርሁ። ከዚያ በቆላው አፋፍ የወጣውን እንግዳ ነው ብዬ ቀነስሁት። ለቀረው ልክ አስጋገርሁ። ለካ ከአፋፉ ሥር ያሉትም የኛው ናቸው! በድግሱ ቀን ርቀው ስለሚመጡ መጨረሻ ደረሱ፤ እንጀራው አልቋል።»

«ታዲያ እንግዳውን እንዴት መቁጠር ነበረብዎ?»

«ወንዙን ተሻግሬ ነዋ፣ ልጄ። የኛ ሰው ከሌለበት።»

ክው አልኩ። እኔ ባዶ ያልኩት ሰማይ የዘለላው ጥግ ላይ ነው። የመረጥኩትም ከዚያው ፎቶ ላይ ስለተገኘ፣ ሌላ መፈለግ ስለሰለቸኝ ነበር።

ከተማ ተመልሼ ሩቅ ሰማይ ይዤ እንደገና ቆጠርኩ። ደብዛዞቹ ተመለሱ። መሐል ላይ እውነትም ጥቂት ናቸው፤ እዚያ ትልልቆቹ ይውጧቸዋል፣ ኮከብ የሚወለድበት ጋዛቸውም ይገፈፋል። ጠርዙ ላይ ግን ሞልተዋል። ባዕድ ናችሁ ብዬ ያባረርኳቸው እነሱን ነው።

ዝም ብዬ ባስረክብ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ አልዋሽም፣ ላስረክበው ቃጥቶኝ ነበር። በመጨረሻ ለአማካሪዬ ደውዬ ስህተቴን ነገርኳቸው። «ድምዳሜህ ስለፈረሰ ከባዶ ነው የምትጀምረው፤ ለከርሞ ነው የሚደርስልህ» አሉኝ።

አባቴ ዘንድ ሄጄ «ዘንድሮ አልሆነም» ብቻ አልኳቸው። ምክንያቱን መናገር አቃተኝ። የለመኑትን ቀን ያራቀባቸው የራሳቸው ወሬ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እጄን ያዝ አድርገው «አይዞህ፤ ትምህርት ለሁሉም እኩል አይገባም። አልጠላህም» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከፋኝ፤ በእሳቸው ሳይሆን በራሴ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፉ። በተከታዩ ክረምት ጥናቱ አለፈ፤ ፈታኞቹ ባዶ ሰማይ የመረጥኩበትን መንገድ ለብቻው አነሥተው አመሰገኑኝ።

አባቴ ግን «ልጄ ትምህርት ከበደው» ብለው ነው የሞቱት። «ስህተቴን ያረሙልኝ እርስዎ ነዎት» ሊላቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከአጠገባቸው ተቀምጦ ዝም አለ።