የልጄ ትከሻ

ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ እንጀራዬ ሠርግና ክርስትና ነው። ሰው ሲሞሸርና ኬክ ሲቆርስ ማንሳት እንጂ ሰው ሲላተም ማንሳት የት አውቄ። ልጄ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱትን ሆኪ ካልተጫወትኩ ብላ ድርቅ ስትል ግን ካሜራዬን አንግቼ በስደት በምንኖርባት አውሮራ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጨለማ አዳራሽ መመላለስ ጀመርኩ። መብራቱ ግማሹ ተቃጥሏል፣ የቀረውም ቢጫ ነው። የበረኛውን ዓይን ያጭበረብራል ተብሎ ፍላሽ ክልክል ነው። ልጆቹ ደግሞ አይያዙም፣ ይበራሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ያነሳሁት ሁሉ አመድ መሰለ። ኋላ ነው የነቃሁት፤ ለካ የነጠላ ጉዳይ ነው። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉን ያጨልማል፤ ለዚህ ነው ሠርግ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው። እኔም አውቄበት ብርሃኑን ከፍ አደርግለታለሁ። በረዶውንም እንደ ነጠላ ቆጥሬ ከፍ ሳደርገው ልጆቹ ፊት አወጡ። ምነው ባላወጡ አልኩ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው በሰውነት መጋጨት ይፈቀድላቸዋላ። ሜዳውን በከበበው መስታወት ላይ ለፎቶ አንሺ የተቆረጠች ቀዳዳ አለች፤ እዚያ ቆሜ ልጅ በተላተመ ቁጥር መስታወቱ እኔን ደረቴን ይለኛል። ከንፈሩን የነከሰ ልጅ ደሙ በሄልሜቱ ሽቦ ሲንጠባጠብ፣ ሌላው በስለታም የበረዶ ጫማው በስኬቱ ደሙን ረግጦ ሲያልፍ አንስቻለሁ። ከቡድኑ ሴት የእኔዋ ብቻ ናት። ወራቱን ሙሉ ሲያላጓት ከረሙ። ጎኗ በልዞ ወደ ቤት ስትገባ ደሜ ይፈላል፤ እሷ ግን በእንግሊዝኛ ምንም አልሆንኩም ብላኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

አንድ ቀን እሷም ትከሻዋን አወቀችበት። ሁለት እጥፏ የሚሆን ልጅ ከግድግዳው ጋር ስታጣብቀው ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። «በዪው» ብዬ ጮህኩ፤ ደግነቱ እዚያ ቋንቋዬን የሚሰማ የለም። ቤት ገብተን ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው ግን ከሽቦው ኋላ እየሳቀች ነው። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ይሄ የልጅ ሳቅ አይደለም፤ ይሄ ጨዋታ ጨካኝ እያደረጋት ነው» አለ። «የሰው ልጅ የሰበረች ቀን አስወጣታለሁ።»

ተጨቃጨቅን። እሱ አንዴ ካለ አለ ነው፤ ከሆኪ ማውጣት ደግሞ ለእሷ ከቤት እንደማባረር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው፤ እውነት ልጄ ጨክና ይሆን?

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ትቶ መጥቶ ነበር። ከወዲያኛው ቡድን አንድ ረጅም ልጅ ከጉልበቷ ኋላ በዱላው ደጋግሞ መታት። ዳኛው አላየም። አንዴ ወደቀች፣ ተነሳች፤ ዓይኗን ግን ከልጁ ላይ አላነሳችም። ልጁ ጠፍጣፋዋን ኳስ ሊያወጣ ጀርባውን ሰጥቶ ከግድግዳው ሥር አጎነበሰ። ካለችበት ተንደርድራ መጥታ ከኋላው ገባችበት። ሄልሜቱ ግድግዳውን ሲመታ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ልጁ አልተነሳም።

ልጄ ዱላዋን ወርውራ፣ ጓንቷን አውልቃ አጠገቡ ተንበረከከች። «እኔን» አለች። «እኔን፣ እኔን።» በአማርኛ ለጠየቅኳት ሁሉ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ።

ዳኛው በክንዷ እየጎተታት ምንድን ነው የምትለው ብሎ አሰልጣኟን ጠየቀ፤ አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ተደናግጬ በቀዳዳዋ በኩል አፌ ላይ የመጣውን በእንግሊዝኛ አልኩ፦ «ሚ! ሚ ነው የምትለው።»

«እኔ ነኝ» አለች ተባለ። ዳኛው ራሱን ነቅንቆ ከጨዋታው አስወጣት። አጠገቤ የመጣችው የልጁ እናት፣ «አውቃ እንዳደረገችው ራሷ አመነች» አለች። ላስረዳት ሞከርኩ። ሰው ሲወድቅ የምንለው ነው አልኳት፤ ሰው ጥላችሁ ነው የምትሉት በሚል ዓይን አየችኝ። እንግሊዝኛ ያን ቀን ጉድ ሠራኝ።

ልጁን ኮሪደር ላይ አስተኝተው አምቡላንስ ይጠብቃሉ። ከአንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንቱ ነው የተሰበረው፤ ራሱን ግን አልሳተም። ልጄ ስኬቷን ሳታወልቅ ወደ እሱ ስትሄድ ተከተልናት። እናቱ ልትከለክላት ተነሳች።

«እኔ አድርጌዋለሁ» አለችው በእንግሊዝኛ፤ «ያልኩት ግን እሱን አይደለም። ባንተ ፈንታ እኔን ባገኘኝ ማለቴ ነው።»

ልጁ ጥርሱ ደም እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። «አዎ፣ አንቺን ቢያገኝሽ ይሻል ነበር» አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትገፈትረው ነበር። «ልክ ነህ» አለችና ከነስኬቷ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ተነሺ ያላት የለም፤ እናቱም መልሳ ተቀመጠች።

ወደ መኪናው ስንሄድ ልጄ ፊቷን ሸፍና ከኋላችን ትመጣለች። አስወጣታለሁ የሚለውን ቃል እየጠበቅኩ ነው። ባለቤቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ጋ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦

«ማክሰኞ ልምምዷ ስንት ሰዓት ነው?»