ከመምህር አስናቀ የደበቅኩት ሞዴል

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ለምሳ ቆመ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠ ሽማግሌ አየሁ። መምህር አስናቀ ነበር። ስንት ዓመት አልፎ፣ ጥርሴን እንደዚያን ቀን ነከስኩ።

ያኔ የስታትስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ አማካሪዬ። ለጥናቴ ከሮብ ገበያ በላይ ወዳሉት መንደሮች ወጥቼ አንድ በጋ ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ «ከብት ሲታመምብዎ መጀመሪያ የሚያማክሩት ማንን ነው?» ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ጣቴ ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ይለኛል። ወንዶቹ መጀመሪያ የታወቁ ሽማግሌዎችን ይጠራሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እውነቱን ከፈለግሽ፣ ጥሩሰው ዘንድ ነው የምንሄድ» ይላሉ።

እትዬ ጥሩሰው ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ነበሩ። ትኩስ ድንች በአዋዜ አቅርበውልኝ፣ «ስሜን ወረቀት ላይ አስፍረሽ ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ብዙ ሰው የሚያማክራቸውን መርጦ ስለ ከብት ሕክምና ሊያሰለጥን፣ መድኃኒትም ሊሰጥ ማሰቡን ነገርኳቸው። «እርስዎ የመጀመሪያዋ ይሆናሉ» አልኳቸው። ማለት አልነበረብኝም።

ከተማ ተመልሼ እያንዳንዱን ሰው ነጥብ፣ እያንዳንዱን ምክክር መስመር አደረግኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ማን ማንን እንደሚያማክር በሰጠሁት ሕግ፣ ማለትም በሞዴሉ፣ መቶ የምናብ መንደር ይፈጥራል፤ እነዚያ እውነተኛውን መንደር ከመሰሉ ሕጉ ልክ ነው ማለት ነው። ጉድለቱ የታየኝ የመጀመሪያውን ሞዴል ለመምህር አስናቀ ከሰጠሁት በኋላ ነው። በምናቡ መንደር ሁሉም ሰው ሁሉንም ያማክራል፤ ስዕሉ በመስመር ብዛት ጥቁር ይሆናል። ሁለት ወር ታግዬ አስተካከልኩት።

ልሰጠው ስሄድ ጥናቴ በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ላይ በእሱ ስም ብቻ እንደሚቀርብ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። ቢሮው ገባሁ።

«መምህር፣ ስሜ የለም።»

«መረጃ መሰብሰብና ማጥናት አንድ አይደለም። ምስጋናው ላይ አስገብቼሻለሁ።» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የቀረ ነገር አለ?»

የተስተካከለው ሞዴል ቦርሳዬ ውስጥ፣ ፍላሽ ላይ ነበር።

«ምንም የለም፣ መምህር» አልኩት።

በጉባኤው ቀን ከግብርናም ከዞንም እንግዶች መጥተው ነበር። መምህር አስናቀ አቅርቦ ሲጨርስ እጄን አወጣሁ። «ሞዴሉ የሚፈጥራቸውን መንደሮች ቢያሳዩን?» ተማምኖ ከፈተው። ስዕሉ ያረፈበት ግድግዳ በመስመር ብዛት ጠቆረ። ሌላ ሞከረ፤ ያም ጠቆረ። ከግብርና የመጡ አንድ አዛውንት «ሁሉም ሁሉን የሚያማክርበት አገርማ ገነት ነው!» ሲሉ ሰዉ አውካካ። መምህር አስናቀ ላቡን እየጠረገ አየኝ፤ ገባው። እኔም እንዲገባው ዓይኔን አልሰበርኩም። ያን ቀን ጥብስ አዝዤ ብቻዬን እስኪበቃኝ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ጥናቱ ተጣለ። የግብርናው ሰዎች በመረጃውም ላይ እምነት አጡና ሰልጣኞቹን ቀበሌው በራሱ መረጠ፤ ሁሉም ወንዶች። ትክክለኛውን ሞዴል ይዤ ብቀርብ «እስካሁን የት ነበርሽ?» መባሌ ነው፤ ዝም አልኩ። ወደ ሮብ ገበያም ዳግም አልወጣሁም።

ሉማሜ ላይ ሽማግሌው አወቀኝ። ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና» አልኩና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ይቅር አላልኩትም፤ ያ ቀን ነገ ቢመለስ እጄን አወጣለሁ። እትዬ ጥሩሰው ግን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ሰው እንዳልጠይቅ ድፍረቱ የለኝም፤ በሕይወት ካሉ «ያልሽኝ ስልጠና የት ቀረ?» ማለታቸው አይቀርም።