የሩፋይዳ የተዘጋ በር

የወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ሰላምታ ችኮላ አያውቅም። «እንዴት አደርሽ» ብቻዋን ምን አላት? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ማሳው፣ ዓረብ አገር ያለችው እህት፣ ሁሉም በየተራ ደህና ማደራቸው ሳይጠየቅ ማንም ካቆመው ሰው አይላቀቅም። እንዲህ ባለ አገር ዝምተኛ ሆኖ መፈጠር አንድ ነገር ነው። ዝምተኛ ሆኖ ሳለ ሰው ማነጋገርን እንጀራ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህን ሩፋይዳን ጠይቁ።

ሩፋይዳ በአንድ ጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ጭንቀት የያዘው፣ ሐዘን አልለቅ ያለው ሰው ወደ እሷ ክፍል ይላካል። አባቷ ሼህ ሷሊህ ከላላ በምትባል አገር ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ናቸውና ያደገችው እንግዳ በማይጠፋበት ቤት ነው። ቤቱ ሲሞላ እሷ ሹልክ ብላ ጓሮ፣ በቅሎዋ የምትታሰርበት ጥግ ትቀመጥ ነበር። እናቷ «ይቺ ልጅ ሰው ትጠላለች» ይሉ ነበር። ተሳስተዋል። ሰው ትወዳለች፤ ብቻ ሰው ያደክማታል። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን እስክትረዳ ብዙ ዓመት ፈጀባት፤ ከተረዳች ወዲህ ግን በዚህ አታፍርም።

ሥራዋንም በራሷ ልክ ሰፋችው። በቀን ስድስት ሰው ታያለች፣ ሰባተኛው ለነገ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ሩብ ሰዓት በሩን ትዘጋለች። ጫማዋን ታወልቃለች፣ ጀርባዋን ግድግዳ ታስደግፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ የሚገባው ሰው ሙሉ ጆሮ ያገኛል። ስታዳምጥ ስልክ አታይም፣ ከሰው አፍ ላይ ወሬ አትነጥቅም፣ ሰው ሲያለቅስም «በቃ በቃ» አትልም። በዚህ የሚስተካከላት እንደሌለ እሷም ታውቀዋለች፤ ብትኩራራበት አልፈርድባትም።

ታዲያ ውጭ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ምን ያያል? የሼህ ልጅ በር ዘግታለች፣ ድምፅ የለም። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ሐረግ ሳታንኳኳ ከፍታ ባዶ እግሯን፣ ዓይኗን ጨፍና አየቻት። ለወሎ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል? «ዱአ ላይ ናት፤ ለእያንዳንዳችን ዱአ እያደረገች ነው» ተባለ። ወሬው ገበያ ወጣ፣ ከላላም ደረሰ። ሰው ከክፍሏ ሲወጣ «በዱአሽ አትርሺኝ» ማለት ጀመረ። ሩፋይዳ የተለመደ ስንብት መስሏት «ኢንሻአላህ» ስትል ከረመች። ነገሩ ሲገባት ደነገጠች። በሶላቷ ላይማ ለሰው ሁሉ ትለምናለች፤ ያቺ ሩብ ሰዓት ግን የዕረፍት እንጂ የዱአ አልነበረችም። ልትናገር አሰበችና አፈረች። ዝም ማለት ደግሞ ለእሷ አይከብድም።

ዝምታዋን ያባሱት የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ደሳለው ናቸው። ጨዋታ አዋቂ፣ መልካም ሰው ናቸው፣ የተዘጋ በር ግን አይወዱም። «ሰው ፊት በር ይዘጋል እንዴ? በሩ ይከፈት፣ በቀን አሥር ሰው ይታይ» ብለው ወስነው ነበር። ሩፋይዳ ይህ ከሆነ ወር እንደማትቆይና ሥራውን እንደምትለቅ አውቃዋለች። ያዳናት ልጃቸውን ይዘው ወደ እሷ የሚመላለሱት የእትዬ ሳዲያ ቁጣ ነው፦ «ዱአ የያዘች ልጅ ላይ በር ልትከፍት? ተው አቶ ደሳለው፣ ይቅርብህ።» አቶ ደሳለው ክርስቲያን ናቸው፤ ቢሆንም ወሎ ተወልዶ ዱአ የሚዳፈር የለምና ነገሩን ተዉት። እንግዲህ ሩፋይዳ በሯን የምትዘጋው ባላደረገችው ዱአ ስም ነበር፤ ይህም ውስጥ ውስጡን ይበላት ጀመር።

እትዬ ሳዲያ የኡምኩልሱም እናት ናቸው። ኡምኩልሱም አምስት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች አራት ወሯ ነው፤ ቃል አልተነፈሰችም። ቤቱ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» በሚል ሰው ሞልቶ ከረመ፣ ሁሉም «ምን ደረሰብሽ?» ይላታል፣ እሷ ግድግዳውን ታያለች። ሩፋይዳ ዘንድ አራት ጊዜ መጥታ እንደዚያው ሆነ። እናትየው ስለ እሷ ያወራሉ፣ ልጅቷ ትቀመጣለች፣ ሩፋይዳ አትጠይቃትም።

በአምስተኛው ጊዜ እትዬ ሳዲያ ልጃቸውን አስከትለው፣ በትንሽ ጀሪካን ማር ይዘው ገቡ። አቶ ደሳለው በሩ ላይ አግኝተዋቸው ሰላምታው ገና አላለቀም።

«ለዱአው ነው፣ ልጄ» አሉና ማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ያለኝ ይኸው ነው። ልጄን በምላሷ መልሺልኝ።»

ሩፋይዳ ማሩን አየች፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆሙትን አለቃዋን አየች። ዛሬ ዝም ካለች እድሜ ልኳን ዝም ማለቷ ነው።

«እትዬ ሳዲያ፣ ማሩን ይውሰዱት» አለች። «በሩን ስዘጋ ዱአ አላደርግም። አርፋለሁ። ሰው ያደክመኛል። እወዳችኋለሁ፣ ግን ታደክሙኛላችሁ። ካላረፍኩ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው መስማት አልችልም። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አፉ ይበሉኝ።»

የእትዬ ሳዲያ እጅ ጀሪካኑ ላይ ቀረ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲህ ዱአ ካልሆነማ» አሉ አቶ ደሳለው ከበሩ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሩ...»

ኡምኩልሱም ተነሳች። ቀስ ብላ ሄደች፣ አቶ ደሳለው አፋቸውን እንደከፈቱ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው፣ ተመልሳም ከሩፋይዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እኔንም ያደክመኛል» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። «እዚያ ቤት ቀን ከሌት ስሜን ይጠሩ ነበር። እዚህም ሁሉም ይጠራኛል። ያልጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እትዬ ሳዲያ ማልቀስ ጀመሩ። ልጅቷ እናቷን አየቻቸው፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም፣ ግን እንዲወጡላት መፈለጓ ገባቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፣ በሩንም ከኋላቸው ራሳቸው መልሰው ዘጉት። አግዳሚውን ጎትተው በሩ ላይ አስጠጉና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

አቶ ደሳለው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ምን እየሆነ ነው?» አሉ።

«ቀስ በል» አሉ እትዬ ሳዲያ። «ልጄ እያወራች ነው።»

አቶ ደሳለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዱአ አይደለም አለች እኮ፣ አብረን ሰማን።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ሳዲያ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ ግን አሚን ብያለሁ።»