ርጥቧ ልጄ ወዴት ሄደች?

ነገሩ የሆነው አምና ግንቦት ላይ ነው። እኔ ሰው አላምንም፤ ምን እደብቃለሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያላመንኳት ሴት ፊት እስካሁን አልጠፋ ስላለኝ ነው።

ሚስቴ አራስ ስለነበረች ሁለቱን ልጆች ይዤ ከገጠር ለቅዳሜ ገበያ ላሊበላ ገባሁ። አዲሱ መናፈሻ ውስጥ ከመሬት ሽቅብ ውሃ የሚረጭ ቦታ አለ። የከተማው ልጅ ሁሉ እየጮኸ ይሯሯጥበታል፤ ክፍያ የለውም። እኛ ለመንደራችን ውሃ ስንለምን ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ ለጨዋታ ወደ ሰማይ ይረጫል። ተናደድኩ። ልጆቹ ግን እጄን ሊገነጥሉት ደረሱ። ከሙታንታቸው በቀር አወላልቄ ለቀቅኳቸው።

ይርጋ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማስተዋል አራት። ውሃው ቆም ብሎ እንደገና ሲፈነዳ ይርጋ ወድቆ አለቀሰ። እሱን አንስቼ ዞር ስል ማስተዋል የለችም።

ቅድም አንዲት ሴትዮ ማስተዋልን በነጠላዋ ስታደርቃት አይቼ ነበር። ሄጄ ክንዷን ጨመደድኩት።

«ልጄን የት አደረስሻት? አንቺ ሌባ!»

«ኧረ ልቀቀኝ አንተ ሰውዬ! የራሴ ሦስቱ አነሱኝ መሰለህ?»

ፊቴን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፊቷን ስጠርግላት ‹ቄሱ የታሉ?› አለችኝ። የምን ቄስ ብዬ ሳቅኩ።»

ያኔ ገባኝ። ማስተዋል ታማ በከረመችበት ጊዜ እናቷ ጠዋት ጠዋት ጠበል ትወስዳት ነበር። ተጠምቃ ስትወጣ እንደረጠበች መስቀል ትሳለማለች። ለሷ በላይዋ ላይ የሚወርድ ውሃ ሁሉ ጠበል ነው።

ሌባ ላልኳት ሴት ይርጋን ጥዬላት መናፈሻው አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ መስቀል ይሳለማል። ማስተዋል በሁለት አሮጊቶች መሀል ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ይቺ ርጥብ የማን ናት?» አሉ ቄሱ።

«የኔ ናት አባቴ።»

«ከየትኛው ጠበል መጣችሁ?»

«ከመናፈሻው ነው አባቴ።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ግንባሯን አሳለሟትና «አንተም ና፤ ከሷ ይልቅ ያንተ ፊት ርሷል» አሉኝ። ማልቀሴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስንመለስ ሴትዮዋ ይርጋን አልብሳ፣ ዳቦ አስይዛ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ማለት አልለመደብኝም። «ቅድም ያልኩሽ…» ብዬ ቀረሁ።

«ይልቅ ልጅቷን አልብሳት፤ ብርድ ይመታታል» አለችኝ።

አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ እላለሁ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ ወዲህ ነው፤ እሷ ገና አልጀመረችም፤ እዚህ ብጽፈው አታነበውም። ማስተዋል ግን በቅርቡ ትምህርት ቤት ትገባለች። አንድ ቀን አንብባ ለእናቷ ታሳጣኛለች።

ታሳጣኝ። ብቻ ትኑርልኝ።